ሃያ አራት ቀን በመሳቢያ የከረመ ደብዳቤ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ይሸኛል። ካባ ይደረብለታል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት ይሰጠዋል፣ አለቃው ዕድሜውን ሙሉ ብሎት የማያውቀውን ምስጋና ቆሞ ያነብለታል። እኔ ጡረታ አልወጣሁም፤ ሥራው ነው ከእኔ የወጣው። ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ወራት፣ ኔትወርክ ለመያዝ ከጎረቤቶቼ ጋር ካላክላ ሰፈር ካለው ቤታችን ጣሪያ ላይ በወጣሁበት አንድ ጠዋት፣ ስልኬ ላይ አራት መስመር መልእክት ገባ። የካርቱሙ የስኮላርሺፕ ጽሕፈት ቤት በቋሚነት እንደተዘጋና ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ምስጋና እንደሚገባኝ ይናገራል። አንብቤ ስጨርስ ጎረቤቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሥራ መሰናበቴን ነገርኳት። በዚያ ጠዋት እሷ የምትፈልገው ዱቄት የት እንዳለ የሚነግራት ሰው ስለነበር ብዙም አልገረማትም።

ሥራሽ ምን ነበር ለሚሉኝ፣ ልጆች ስኮላርሺፕ እንዳይነጠቁ መጠበቅ ነበር እላለሁ። ብዙ ሰው ስኮላርሺፕ አንዴ ከተገኘ ያለቀለት ነገር ይመስለዋል። አያልቅም። ለስደተኛ ልጆች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚሸፍነው ድርጅታችን በየሴሚስተሩ መጨረሻ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት አስመጥቶ በሦስት ነገር ይመዝነዋል። አማካይ ነጥቡ ከሁለት በታች መውረድ የለበትም። ከተመዘገበባቸው ኮርሶች ቢያንስ ከሦስቱ ሁለቱን ማለፍ አለበት። የአራት ዓመቱን ትምህርት ደግሞ ቢበዛ በስድስት ዓመት መጨረስ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሁለተኛ ከጎደለ የእገዳ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው በደረሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ችግሩን ጽፎ፣ ማስረጃ አያይዞ፣ በእጁ ፈርሞ ይግባኝ ካላስገባ ክፍያው ይቆማል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ያ ደንብ የያዘውን ሲለቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

እዚያ የደረስኩት በመምህርነት በኩል ነው። ከጎንደር የወጣሁት መምህር ሆኜ ነበር፤ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ የስደተኞች ሰፈር አቧራ ላይ ተቀምጠው የሚማሩ ልጆችን ፊደል አስቆጠርኩ። ከዚያ ካርቱም ገብቼ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ በአንድ የኮሚኒቲ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተማርኩ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ነው አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ስኮላርሺፕ ቢሮው የወሰደችኝ። ደሞዙ የሚያኖር እንጂ የሚያደላድል አልነበረም። ከደሞዙ የሚበልጠው ኢቃማው ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴን በየዓመቱ የሚያሳድስልኝ መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ፣ ሥራው ቀረ ማለት ካርቱም ውስጥ እንደ ሰው መንገድ ላይ መሄድም ቀረ ማለት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ወይም ነው፤ አንባቢ ይፍረድ።

ሥራውን ያስተማረኝ ኡስታዝ ኢድሪስ ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ ከጡረታ በኋላ ወደ እኛ የመጣ ሱዳናዊ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀላቢያው ላይ የቀለም ነጥብ የማይጠፋበት። የተማሪ ውጤት ሲያነብ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚያነበው። ሌሎቻችን ከአንደኛ ዓመት ጀምረን ወደ ታች ስንወርድ፣ እሱ ጣቱን የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ አስቀምጦ ወደ ላይ ይወጣል። የአንደኛ ዓመት ውጤት ያማረ ከሆነ ዓይን ያታልላል፣ ልጁ ዛሬ የቆመበትን ሳታይ ትላንት የቆመበትን አይተህ ትዝናናለህ ይል ነበር።

ተማሪ ፊቱ ሲቀመጥ ለምን ወደቅህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀው ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤት ስንት ሚኒባስ ትይዛለህ፣ ስንት ሰዓት ትነሣለህ፣ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያበስለው የሚል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰውዬው አርጅቷል ብዬ አዝኜለት ነበር። በኋላ ነው ያስተዋልኩት። የጠዋት አንደኛ ሰዓት ኮርሶች ብቻ ከወደቁ ልጁ የሚኖረው ሩቅ ነው። ሁሉም እኩል ከወረዱ ሥራ ጀምሯል። አንዱ ብቻ ዜሮ ሆኖ ሌላው ደህና ከሆነ፣ የፈተናው ዕለት መንገድ ላይ ከሻ ይዞታል፤ ከሻ የምንለው ፖሊስ ወረቀት የሌለውን የውጭ ዜጋ የሚያፍስበትን ነው። ይህን ማወቅ ለይግባኝ እንጀራው ነው፤ ልጆቹ የእውነተኛውን ምክንያት ማስረጃ ትተው «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከእንግዲህ እጠነክራለሁ» ብለው ይጽፉ ነበርና። ኮሚቴ ደግሞ የሚያየው ማስረጃ እንጂ ይቅርታ አይደለም።

ሁለተኛው ልማዱ ደብዳቤ አለማሳደር ነበር። ከላይ የመጣ ደብዳቤ፣ ማስጠንቀቂያም ይሁን እገዳ፣ በመጣበት ዕለት ተማሪው እጅ ይገባል። ስልክ ካልተነሣ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ሚኒባስ ከሌለ በባለ ሦስት ጎማዋ ረክሻ ይሄዳል፣ ሲመለስ የመላኪያ መዝገቡ ላይ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ዳዊት የሚባል የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበረን። አማካይ ነጥቡን ለማዳን ብሎ ከስድስት ኮርስ ሦስቱን አቋረጠና ነጥቡ ከፍ ይላል ብሎ እየሳቀ መጣ። እኔም አብሬው ደስ አለኝ። ኡስታዝ ኢድሪስ ወረቀቱን ከታች ጀምሮ አየው። የተቋረጠ ኮርስ ተመዝግቦ ያልታለፈ ሆኖ ነው የሚቆጠረው፤ ነጥቡን ሲያድን ከሦስት ሁለቱን የሚለውን መስፈርት ገደለው። የምዝገባ ማስተካከያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሽማግሌው ተነሥቶ የልጁን እጅ እንደ ሕፃን ይዞ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደ፤ ቢሮ ዘግተው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆሞ አስመዘገበው። ዳዊት ተመርቋል። የእኔ ደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አይመረቅም ነበር።

ኡስታዝ ኢድሪስ ዓይኑ ሲደክም ወደ ሰሜን ወደ ሀገሩ ሄደና ወንበሩ ለእኔ ተረፈ። በዚያን ጊዜ ኃላፊያችን ዶክተር ሀሰን ነበር፤ የቀን ገደብ ያለፈበት ይግባኝ ይዤለት ስገባ ሻይ አዝዞ «መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ አስገቢው» የሚል ሰው። እሱ ሲለቅ በምትኩ ሲት ሙና፣ ወይዘሮ ሙና እንደ ማለት ነው፣ መጣች። ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፣ ሁሉን ነገር ኮምፒዩተር ላይ አስገባች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን ደጋግሜ የምለው ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ስለነበር ነው። በየሐሙሱ የመላኪያ መዝገቡን ታያለች፤ ባዶ ቦታ ካገኘች ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች።

አሁን ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። በካርቱም ሐበሻ መካከል እኔ መርዶ በማርዳት የታወቅሁ ነበርኩ። ሀገር ቤት ሰው ሲሞት ስልኩ ለዘመድ ይደወላል፣ ዘመድ ለእድሩ ይነግራል፣ እድሩ እኔን ወርቅነሽን ይጠራል። ማን ይዤ እንደምሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደምገባ፣ ቃሉን ከማን አፍ እንደማስወጣ አውቅበታለሁ። ከሁሉ በላይ የማውቀው መቼ እንደማይነገር ነው። ለአራስ አይነገርም። መንገድ ለሚወጣ አይነገርም። ፈተና ላይ ላለ ልጅ አይነገርም፤ ፈተናው ያልፋል፣ ሐዘኑ የትም አይሄድም። ስንቱን ልጅ አባቱ ሞቶ ሳለ አስፈትኛለሁ፤ በኋላም እናቶቻቸው መርቀውኛል። ስለዚህ ችሎታዬ ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረኝ።

ሰዓዳን ያጠፋኋት በዚህ ኩራት ነው።

ሰዓዳ ወሎ ተወልዳ በሦስት ዓመቷ በእናቷ ጀርባ ካርቱም የገባች ልጅ ናት። እናቷ ፋጡማ በካርቱም ሪያድ ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ውስጥ ታጥባለች፣ ታበስላለች፤ ማዮ በሚባለው የድሆች ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ልጅቷ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርት ገብታ ሦስተኛ ዓመት ደርሳ ነበር። ፋጡማ በየስብሰባው ስታገኘኝ የምትነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰዓዳ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ እሷ የሰው ቤት መጥረጊያ አስቀምጣ ትቀመጣለች። ለሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

ሰዓዳ በሁለተኛ ዓመቷ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደርሷት ነበር፤ በእጄ ሰጠኋት፣ ተሻሻለች። ሦስተኛ ዓመት ላይ ፋጡማ ታመመችና ሆስፒታል ገብታ ሆዷን ተቀደደች። የሰው ቤት ሥራ ደግሞ ቦታህን ሁለት ሳምንት ባዶ ካደረግኸው ሌላ ሴት ትገባበታለች። ስለዚህ ሴቶቻችን ሲታመሙ ተተኪ ያስገባሉ፤ እህት፣ ልጅ፣ ያገር ልጅ። ሰዓዳ ሁለት ወር ሙሉ በእናቷ ቦታ ገብታ ሠራች። ለእኔም አልነገረችኝም። ከስድስት ኮርስ ሦስቱን ወደቀች።

ያን ሰሞን ዩኒቨርሲቲዎች በአድማ ተዘግተው ስለነበር ውጤቱ በጊዜው አልመጣም። የመጣው የሚቀጥለው ሴሚስተር ፈተና ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው ነው፤ የእገዳ ደብዳቤውም አብሮ መጣ። ውጤቱን ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። ሁሉም እኩል ወርደዋል። ሥራ ጀምራለች አልኩ። የእናቷ የሆስፒታል ወረቀት ለሌላ ጉዳይ አምጥታው ፋይሏ ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም፣ ማስረጃውም እጄ ላይ ነው። የቀረው የእሷ አንድ ገጽ ጽሑፍና ፊርማ ብቻ ነበር።

ስልኬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ከስድስት ቀን በኋላ የምትፈተን ልጅ ናት። ይህን ብነግራት ማንበብ ይቅርና መተኛትም አትችልም አልኩ። ፈተናውን ደግሞ ከወደቀች ይግባኙ ቢፈቀድም ዋጋ የለውም። በሰላም ትፈተን፣ ከዚያ እነግራታለሁ፣ ቀኑ ቢያልፍ አለቃ ለምኜ አስገባለሁ ብዬ ወሰንኩ። ደብዳቤውን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ጭንቅ አልነበረብኝም። እንዲያውም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ያን ዕለት ሐሙስ ነበር። መዝገቡ ሙና ጋ ሊገባ ነው። የሰዓዳ ስም ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ካየች ትጠይቀኛለች፤ መርዶ ለፈተና ልጅ አይነገርም ብዬ ለሱዳናዊት አለቃ ምን ብዬ ላስረዳት? ቀኑን ጻፍኩና «ተሰጥቷል» ብዬ ፈረምኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ በሐሰት የፈረምኩት ያን አንድ መስመር ነው።

ፈተናው አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። በመካከሉ ሰዓዳ አንድ ቀን ቢሮ መጥታ የመጽሐፍ መዋሰኛ ወረቀት ጠየቀችኝ። ፊቷ ደህና ነበር፤ አንደኛው ፈተና ቀሎኛል ወላሂ ኻልቶ አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ደብዳቤው ከጉልበቴ በላይ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ወረቀቷን ሞልቼ ሰጠኋት።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ደብዳቤው በመጣ በሃያ አራተኛው ቀን፣ ሲት ሙና ቢሮ ገባሁ። አንዲት ተማሪ ጥሩ ምክንያት እያላት ይግባኙ ቀን አልፎባታል፣ ይፈቀድላት አልኳት። ኮምፒዩተሩን ከፈተች፣ አየች፤ ሲስተሙ በአሥራ አምስተኛው ቀን ተዘግቷል፣ ስሟ ወደ ላይ ተላልፏል አለችኝ። ልመና ጀመርኩ። የእናትየውን ሕመም ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ የሆነ ነገር አስታወሰች።

«ደንቡ ከተሰጣት ቀን ነው የሚቆጥረው» አለች። «ዘግይቶ ከተሰጣት እኔ መልሼ ልከፍተው እችላለሁ። መዝገቡ ግን በመጣበት ዕለት ሰጥተዋታል ይላል። እንደዚያ አይደለም እንዴ ኡስታዛ?»

በሩን ከፍታ ቆማልኛለች። አልሰጠኋትም፣ በሐሰት ነው የፈረምኩት ብል ልጅቱ ትድናለች። እኔ ግን ያን ዕለት ከሥራ እወጣለሁ፤ ከሥራው ጋር ኢቃማው ይወጣል፤ በስልሳ ዓመቴ ዋዜማ ከሻ ሲመጣ ከሴት ልጆች ጋር ጥግ ለጥግ እደበቃለሁ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ነው። የሰው ልጅ ለራሱ ሲሆን ሂሳቡ ፈጣን ነው።

«እንደዚያ ነው» አልኩ።

እሷም ኮምፒዩተሩን ዘጋችው። ቢሮዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ማዮ ሄድኩ። እግሬ የለመደው ሰዓት ነው። አቧራው ገና አልተነሣም። የፋጡማን በር ስመታ እሷው ከፈተችው፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ነጭ ነጠላ ለብሼ በዚያ ሰዓት ደጇ ላይ ቆሜ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። የእኔ እግር በጎሕ ከማን ቤት ምን ይዞ እንደሚገባ ካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። በሩ ላይ ቁጭ አለች።

«እናቴ ናት አይደል?» አለችኝ። «በአላህ ንገሪኝ ወርቄ፣ እናቴ ናት?»

ማንም አልሞተም፣ ወሎ ያለችው እናትሽም ደህና ናት ብዬ ማልሁላት። አላመነችኝም፤ መርዶ ነጋሪ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። ጎረቤት ሴቶች ጩኸት ሰምተው መጡ፣ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሰዓዳ ከመኝታዋ ተነሥታ እናቷን ደገፈቻትና ወደ እኔ ዞረች። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ለደቂቃ ያህል ፋጡማ በደስታ አላህን አመሰገነች፤ የሞተ የለም፣ ወረቀት ብቻ ነው። ሰዓዳ ግን ታነባለች። አንብባ ስትጨርስ መቼ መጣ አለችኝ። ሃያ አምስት ቀን ሆነው አልኳት። እንዳትረበሽ ብዬ ነው፣ ፈተናሽን በሰላም እንድትፈተኚ ብዬ ነው አልኳት።

ሰዓዳ አትጮህም። አማርኛዋ የእናቷን ያህል አይደለም፤ ሲከፋት ደግሞ ይበልጥ ይጠፋባታል፣ ዐረብኛው ይገባበታል።

«ኻልቶ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም» አለች። «ብትነግሪኝ እጽፈው ነበር። ያኒ፣ አንድ ሰዓት ነው፣ አንድ ወረቀት ነው። ከዚያ ኸላስ፣ አለቀ፣ አነባለሁ፣ እፈተናለሁ። እኔ እናቴ ሆስፒታል ሆና ሰው ቤት ወለል እየጠረግሁ አንብቤያለሁ። ይኼን አልችልም ብለሽ ነው?»

ስለ መዝገቡ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ፋጡማ ሰዓዳን ነገሩ ምንድን ነው እያለች ትጠይቃታለች፤ ልጅቷ በዐረብኛ ቀስ ብላ ታስረዳታለች፤ ፋጡማ ሲገባት እንደገና ተቀመጠች። አሁን የምታለቅሰው ያለ ድምፅ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ይግባኙን አብረን ጻፍን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ጊዜው አልፏል የሚል መልስ መጣ። ከወር በኋላ የፈተናው ውጤት ደረሰኝ። ሰዓዳ ሁሉንም አልፋ ነበር። አማካይ ነጥቧ ከሚፈለገው በላይ ሆነ። የልጅቷ ልብ ሳይረበሽ ተፈትናለች፣ ያልኩት ሆነ። ውጤቱን በተዘጋው ፋይሏ ውስጥ አስገባሁት።

በራስዋ አንድ ሴሚስተር ከፍላ ብትማር መመለስ ትችል ነበር ይላል ደንቡ። ደንብ የሚጽፉ ሰዎች ማዮን አያውቁም። ሰዓዳ የእናቷን ቦታ በቋሚነት ያዘች፤ ፋጡማ ከዚያ ወዲያ መሥራት አልቻለችም። እኔ ከዚያ በኋላም ሥራዬን ቀጠልኩ። ደብዳቤ በመጣበት ዕለት አደርሳለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ኢቃማዬን አሳድሳለሁ። ብዙ ልጆች ተመርቀውልኛል፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ይደውላሉ፣ እናታችን ይሉኛል። ደስ ሊለኝ ሲል ሰዓዳ ትመጣብኛለች።

ጦርነቱ ሲመጣ የሪያዱ ቤት ባለቤቶች ለቀው ሄዱ፤ ለሠራተኛቸው ቁልፍ እንኳ አልተዉላትም። ማዮ መኖር ሲከብድ ሰዓዳና እናቷ ካላክላ መጡ፤ ከእኛ ግቢ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ አንድ ክፍል አገኙ። በአጠገባችን ያለው ሆስፒታል ተዘግቶ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት የሚችል ማን አለ ሲባል የሰዓዳ ስም ተነሣ፤ ሦስት ዓመት የተማረች ናት ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «ዶክቶራ» ይላታል። እሷ አይደለሁም ማለት ደክሟት ተወችው።

በግቢያችን ኢክራም የምትባል ሱዳናዊት ተከራይ ነበረች፤ ነፍሰ ጡር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምጧ መጣ። ከወንዙ ማዶ ከባድ መሣሪያ ይጮሃል፣ ረክሻ የሚባል ነገር መንገድ ላይ የለም። ሮጬ ሰዓዳን አመጣኋት። ልጁን ደህና አድርጋ ተቀበለችው፤ ወንድ ነው፣ አለቀሰ፣ ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ ኢክራም ደም ይፈሳት ጀመር። ሰዓዳ ሆዷን በሁለት እጇ ተጭና አሸች፣ ጨርቅ ጠየቀች፣ እግሯን ከፍ አድርጉ አለች። እኔ ጨርቅ አቀብላለሁ። ደሙ አልቆመም። ሰዓዳ እጇን ሳታነሣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም» አለችኝ በአማርኛ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። «ይኼ አራተኛ ዓመት ላይ ነው የሚሰጠው።»

ኢክራም ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። መድኃኒቱም አልነበረንም፣ ቢኖርም ላትድን ትችል ይሆናል። ሰዎች እንዲህ ይሉኛል፤ እኔም ራሴን እንዲህ እለዋለሁ።

በኋላ ግቢው ውስጥ ለሰዓዳ የእጅ ውኃ አፈሰስኩላት። ክርኗ ድረስ ደም ነው። ውኃው ቀላ፣ ነጣ፣ እሷ ግን ማሸቷን አልተወችም። ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን በመጣበት ዕለት ሰጥቼሽ ቢሆን አልኳት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«መዓሌሽ ኻልቶ» አለችኝ። «ለእኔ ብለሽ ነው። ከዚያ በኋላማ ሲስተሙ ተዘግቷል፣ አንቺ ምን ማድረግ ትችያለሽ?»

ይቅር ያለችኝ ባላወቀችው ነገር ላይ ቆማ ነው። ሙና በሩን ከፍታ እንደጠየቀችኝ፣ እኔም እንደዚያ ነው እንዳልኩ አታውቅም። ልነግራት የሚገባው ሰዓት ያ ነበር፤ ውኃውን አፍስሼ ጨረስኩና ጆጉን ይዤ ገባሁ።

አሁን ሥራ የለኝም፣ አለቃም የለኝም፣ የሚነጠቅ ኢቃማም የለኝም። የምፈራው ነገር አልቋል፤ ዝምታው ግን አላለቀም። ሰዓዳ ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ አለች፣ በየማለዳው እናቷን ለማስታመም ውኃ ስትቀዳ አያታለሁ፣ ሰላም ትለኛለች። ይህን ሁሉ አንድም ሳላስቀር የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ሰዓዳ በዐረብኛ ትምህርት ቤት ነው ያደገችው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ፊደሉን አታነብም።